ከተማው ተለውጧል፣ የምርጫ ክልላችን ወሰን ግን ባለበት ነው፦ የንፋስ ስልክ ላፍቶ መራጮች አቤቱታ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ
አዲስ አበባ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የምርጫ ክልላችን አከላለል በሕገ መንግሥቱ መሠረት እንዲታይልን ስለ መጠየቅ

ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ክቡራንና ክቡራት የምክር ቤት አባላት፤

እኛ ከጎፋና ከመካኒሳ እስከ ላፍቶ፣ ለቡ፣ ጀሞና ሐና ማርያም ድረስ የምንኖር የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ መራጮች ነን። ከመካከላችን ጡረተኛ አለ፣ መምህር አለ፣ ሱቅ የምትጠብቅ እናት አለች፣ ታክሲ የሚነዳ ጎልማሳ አለ። የተሰባሰብነው በፓርቲ አይደለም። እንዲያውም ባለፉት ምርጫዎች ድምፃችንን ለተለያዩ ወገኖች የሰጠን ሰዎች ነን፤ ይህን ወረቀት ስንፈርምም ማን ማንን እንደመረጠ አልተጠያየቅንም።

ችኩሎች እንዳልሆንን አስቀድሞ ይመዝገብልን። ሚያዝያ 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የመጀመሪያው የምክር ቤቱ ምርጫ ሲካሄድ ድምፅ ከሰጡት መካከል ዛሬ ከእኛ ጋር የፈረሙ አሉ። አንጋፋዎቻችን ከዚያ በፊት በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ የሰጡትን ድምፅም ያስታውሳሉ፤ ያ የአንድ ፓርቲ ዘመን ስለነበር ከዚህ አናስገባውም። ከ1987 ወዲህ ግን ስድስት ጠቅላላ ምርጫ አይተናል። ተሰልፈናል፣ ካርዳችንን በጥንቃቄ አኑረናል፣ ውጤቱ ደስ ቢለንም ቢያስከፋንም በማግስቱ ሥራችን ገብተናል። ጥያቄ ሲኖረን ከታች ጀምረን ደጅ ጠንተናል። አሁን ወደ እናንተ የመጣነው የመረጥናችሁ ወኪሎቻችን ስለሆናችሁ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ንዑስ አንቀጽ 5 የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። በዚያው አንቀጽ መሠረት የምርጫ ክልሎችን አከላለል የቆጠራውን ውጤት ተመርኩዞ፣ ምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ረቂቅ ላይ ተነሥቶ የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ሥልጣኑ የማን እንደሆነ አያከራክርም። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። አራተኛው በ2010 ሊካሄድ ታቅዶ ተላለፈ፤ በ2011 ይካሄዳል ተብሎ ዝግጅት ከተደረገ በኋላ ደግሞ በሰኔ ወር ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው እንደገና አራዘሙት። የጸጥታው ሁኔታ እንደማይፈቅድ ተነገረን፤ የሚታይ ምክንያት ስለነበር ተቀበልን። ከዚያ ወረርሽኝ መጣ፣ ከዚያ ጦርነት መጣ፣ አሁንም ተቀበልን። ይሁንና የመጨረሻው ቆጠራ ከተካሄደ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነው፤ በዚያ ዓመት የተወለደ ሕፃን ዛሬ መራጭ ሆኗል።

ይህ የቢሮ ጉዳይ ብቻ ይመስላል እንዳይባል ቁጥሩን እናቅርብ። አዲስ አበባ በምክር ቤቱ 23 መቀመጫ አላት። በ1987ቱ ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 2,112,737 ነበር፤ ለአንድ መቀመጫ ወደ 92 ሺህ ሰው ይደርስ ነበር ማለት ነው። በ1999 ሕዝቡ 2,739,551 ሲሆን መቀመጫው እዚያው 23 ላይ ቆመ፤ ለአንዱ ወደ 119 ሺህ ሰው ደረሰ። እዚህ ላይ እውነቱን መሸሸግ አንፈልግም፤ በዚያው ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ ከ73 ሚሊዮን በላይ ስለነበር ለ547ቱ መቀመጫዎች ሲካፈል አማካዩ ወደ 135 ሺህ ይጠጋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ከሌላው ተበደለች፣ ተጨማሪ ወንበር ይሰጣት ብለን አልመጣንም።

የእኛ አቤቱታ በከተማዋ ውስጥ ስላለው አከፋፈል ነው። የአዲስ አበባ የምርጫ ክልሎች የተሰመሩት ከተማዋ በ28 ወረዳዎች በተከፈለችበት ዘመን ሲሆን መጠሪያ ቁጥራቸውም እስከ ዛሬ ከዚያ የወረዳ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። ወረዳዎቹ ራሳቸው ግን የሉም። በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በአሥር ክፍለ ከተሞች ተዋቀረች፤ ቀበሌዎች መጡ፣ ቀበሌዎች ቀሩ፣ በቦታቸው አዲስ ወረዳዎች ተተኩ፤ በ2013 ለሚ ኩራ አሥራ አንደኛው ክፍለ ከተማ ሆኖ ተጨመረ፤ በነሐሴ 2014 ደግሞ አዲስ አበባና ኦሮሚያ በአስተዳደር ወሰናቸው ላይ ተስማሙ። ለግብር፣ ለመታወቂያና ለይዞታ ሲባል መስመሩ ስንት ጊዜ ተሰርዞ ተሠመረ። የድምፃችን መስመር ብቻ እንዳለ ቀረ። ጎልማሳ በልጅነቱ በተለካ ጫማ አይሄድም፤ እኛ ግን እንዲያ እየሄድን ነው።

በ1999ኙ ቆጠራ ልደታ 201,713፣ አራዳ 211,501፣ ቂርቆስ 221,234 ነዋሪ ነበራቸው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ 316,283 ነበር። ይህ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ብሎኮች በሰው ሳይሞሉ፣ ለቡና ሐና ማርያም እንዲህ ሳይጠጋጉ የነበረው ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አዲስ አበባን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ መሀል ከተማው ለልማት እየተነሣ ልደታ፣ አራት ኪሎ፣ በቅርቡም ፒያሳና ካዛንቺስ የነበረ ሰው ወደ ዳር ሄደ። በዕጣ ቤት የደረሰው ጀሞ ገባ፣ አቅም ያጣው ተከራይ ኪራይ ረከስ ወዳለበት ወጣ። መሀሉ ሲሳሳ ዳሩ ወፈረ። ምን ያህል እንደሆነ በትክክል የሚነግረን ቆጠራ የለም፤ የመጀመሪያው ጉዳታችንም ይኸው ነው። የላፍቶ ሰው ድምፅ ከመሀል ከተማው ሰው ድምፅ ጋር እኩል ይመዝን እንደሆነ ማረጋገጫ የሚሰጠን አካል አላገኘንም።

ሁለተኛው ጉዳታችን የቆየ ነው፤ ቢቆይም በመዝገብ ላይ እንዲሰፍር እንለምናለን። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከዚያ በፊት ባልታየ ብዛት ወጥታ መረጠች። ለከተማዋ ምክር ቤት ከ138 መቀመጫ ቅንጅት 137ቱን አሸነፈ። ክርክሩ፣ እስሩና የሰው ሕይወት መጥፋቱ የታወቀ ነው፤ በምክር ቤቱ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አረጋግጧል። ጥፋቱን በማን ላይ እንደምንጥል ከእኛም መካከል ሁለት ሐሳብ ስላለ በዚህ አቤቱታ አንፈርድም። አንድ ነገር ላይ ግን ሁላችንም እንስማማለን፤ የመረጥነው የከተማ ምክር ቤት ሥራ ሳይጀምር ቀረ። ከተማዋ ከግንቦት 1998 ጀምሮ በተሾመ ባለአደራ አስተዳደር ተመራች። ለፌዴራሉ ምክር ቤት ከመረጥናቸውም ገሚሶቹ ገቡ፣ ገሚሶቹ አልገቡም፤ ለክፍት መቀመጫዎች የማሟያ ምርጫ የተካሄደው በሚያዝያ 2000 ነው። በዚያ ሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ በከተማዋ ምክር ቤት ስለ መንገዳችን፣ ስለ ውኃችን፣ ስለ ልጆቻችን ትምህርት ቤት በመረጥነው ሰው አፍ የተነገረ የለም። ተጠያቂው ማንም ይሁን ማን ኪሳራው የመራጩ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ አንድ አካል «ድምፃችሁ ባክኗል፣ ይቅርታ» ብሎን አያውቅም።

የ2002ንና የ2007ን ምርጫ በአጭሩ እናልፋለን። በመጀመሪያው ከከተማዋ 23 መቀመጫ 22ቱን ኢሕአዴግ ወሰደ፤ በሁለተኛው ከነአጋሮቹ 547ቱንም ጠቀለለ። በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት አንድ ወንበር ለአንድ ሰው እንደሆነ እናውቃለን። ነገር ግን ሌላ የመረጠ የጎፋ ወይም የሳሪስ ሰው ለአምስት ዓመት ሐሳቡን የሚያስተጋባለት አንድ አንደበት በአዳራሹ አልነበረውም። መንግሥትም ይህን አይቶ በመስከረም 2009 ርዕሰ ብሔሩ ለሁለቱ ምክር ቤቶች ባሰሙት የመክፈቻ ንግግር የምርጫ ሕጉ እንደሚሻሻል ተስፋ ሰጠ። ፓርቲዎች ተቀምጠው ስለ ቅይጥ ተመጣጣኝ ውክልና ተነጋገሩ። በ2011 አዋጅ ቁጥር 1162 ሲወጣ ሥርዓቱ እንደነበረ ቀጠለ። አንቀጽ 54 ካልተሻሻለ እንደማይቻል አይጠፋንም፤ ተስፋው ግን ከእኛ በኩል የተነሣ አልነበረም።

ሦስተኛው ጉዳታችን የጊዜ ነው። የከተማዋ ምክር ቤት የሥራ ዘመን በ2010 ሲያበቃ ምርጫው ተላለፈና ዘመኑ ተራዘመ። ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ለነሐሴ 23 ቀን 2012 ተቆርጦ በኮቪድ ምክንያት ቀረ። በቀጣዩ ዓመት ለአዲስ አበባ ሰኔ 5 ተባለ፣ ቀጥሎ ሰኔ 14 ሆነ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በጠዋት ተነሥተን ተሰለፍን። በብዙ ጣቢያዎች የድምፅ መስጫው ጊዜ ከማታው 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዘመ፤ አረጋውያን በድንጋይ ላይ እየተቀመጡ፣ እናቶች ሕፃን እንዳዘሉ ጠበቁ። አላማረርንም። ያሳዘነን ከዚያ በፊት በምዝገባው ወቅት የሆነው ነው። በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ ጎረቤታሞች የትኛው ምርጫ ክልል እንደሆኑ ጠይቀው የተለያየ መልስ ተሰጣቸው። ከመካከላችን አንዱ ካርታ ካለ ልይ ብሎ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዶ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ከተላከ በኋላ «እንደ ድሮው ነው» ተብሎ ተመለሰ። ድሮ የቱ እንደሆነ የነገረው ሰው የለም። ጀሞ የገባው ወጣት የቀድሞውን ወረዳ ከየት ያውቀዋል?

ስለ ወኪሎቻችንም አንድ ቃል ይፈቀድልን። ምክር ቤቱ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ይሠራል፤ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለው። አባላት መራጩን የሚያነጋግሩት በዕረፍት ጊዜ እንደሆነ እንሰማለን። ጥሪው ለብዙዎቻችን አይደርስም፤ የሚደርሳቸው ከአዳራሽ ሲወጡ የሚነግሩን ናቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 እና 54 መራጩ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሣ እንደሚችል ይደነግጋል። እኛ ማንንም ልናነሣ አልመጣንም። ወሰኑን የማያውቅ መራጭ ግን ወኪሉን እንኳን ሊያነሣ፣ ሊያገኘውም አይችልም።

ክቡራን ሆይ፤ ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ በዚህ ዓመት እንደሚጠበቅና ጊዜው እንደጠበበ እንረዳለን። ያለ ቆጠራ ወሰን ይታደስ ብለን ከሕግ ውጪ የሆነ ነገር አንጠይቅም። ከምዝገባው በፊት ግን ምርጫ ቦርድ የእያንዳንዱን ምርጫ ክልል ካርታ ዛሬ ባሉት የወረዳና የመንደር ስሞች አዘጋጅቶ በየወረዳው ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፍ፣ የኮንዶሚኒየም ብሎኮችም በየቁጥራቸው ተለይተው እንዲገለጹ ምክር ቤቱ እንዲያሳስብልን እንለምናለን። ይህ ገንዘብ አይበላም፤ ለጥቂት ባለሙያዎች የጥቂት ሳምንት ሥራ ነው። የሕዝብ ቆጠራው የሚካሄድበት ቀን፣ ከቆጠራው በኋላም የአከላለሉ ረቂቅ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ በውሳኔ ተቆርጦ ይነገረን፤ ሁኔታው ባይፈቅድ እንኳ ምክንያቱ በየዓመቱ በጽሑፍ ይገለጽ። ረቂቁ ሲዘጋጅ የዳር ክፍለ ከተሞች ነዋሪዎች አስተያየት የሚሰጡበት መድረክ ይከፈት። የውክልና ሥርዓቱ ጥያቄ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ለተቋቋመው የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን ከቀረቡት ጉዳዮች ጋር ተያይዞ እንዲታይ ይመራልን። ወኪሎቻችንም መራጩን የሚያነጋግሩበት ቀንና ቦታ ከስብሰባው አስቀድሞ በግልጽ ይለጠፍ።

እስከ ዛሬ የተሰጡንን ምክንያቶች ሁሉ ተቀብለን ታግሠናል፤ የሚመጣውንም ምርጫ በሰላም ተሰልፈን እንመርጣለን። አቤቱታችን ወደሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ተመርቶ መልሱ በጽሑፍ እንዲደርሰን፣ መልሱ «አይሆንም» ቢሆን እንኳ በየትኛው ሕግ እንደማይሆን ተጠቅሶ እንዲነገረን በታላቅ አክብሮት እንጠይቃለን።

የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ መራጮች