ጣሳውን እያየ የሚያልፈው ጉብኝት

ባለፈው የዕረፍት ጊዜዬ ከናይሮቢ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አንድ ኬንያዊ የሥራ ባልደረባዬ አብሮኝ መጥቶ ነበር። ባልደረባዬ ለሐውልትና ለሙዚየም ብዙም ግድ የሌለው ሰው ነውና «ከተማችሁ የምትበላውንና የምትጠጣውን አሳየኝ» አለኝ። እኔ ደግሞ ብዙ ዘመን በውጭ የኖርሁ፣ ከተማዋም ከሥሯ የተለዋወጠችብኝ ሰው ነኝ። መንገዱን ራሴ እመራለሁ ብዬ ከማፍር፣ ለጎብኚዎች የምግብና የቢራ የእግር ጉዞ ከሚያዘጋጁት ከአንዱ ዘንድ ሁለታችንንም አስመዘገብሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተነሥተን እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ድረስ ከአምስት እንግዶች ጋር በእግራችን ዞርን።

አስቀድሜ ፍርዴን ላስታውቅ። ከተማን በእግር እየዞሩ መቅመስ መልካም ነገር ነው። በመኪና መስኮት የምትታይ አዲስ አበባ አስፋልትና ሕንጻ ብቻ ናት። በእግር የሚሄድ ሰው ግን የሚቆላውን ቡና፣ የሚቁላላውን ሽንኩርት፣ የሚታጠነውን ጋን በአፍንጫው ያገኘዋል። አስጎብኚያችንም ትሑትና አንደበተ ርቱዕ ወጣት ነበር። ስለዚህ ክሴ በእርሱ ላይ አይደለም። የምከሰው የሚቆምባቸውንና የማይቆምባቸውን ቤቶች የለየውን ዝርዝር ነው። ይህን ዝርዝር ደግሞ እርሱ ብቻውን አላወጣውም፤ እኔም አንተም፣ አንባቢ ሆይ፣ እጃችን አለበት።

የቆምንባቸው ቤቶች እነዚህ ናቸው። በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ቡና ሲቆላ በኖረው በቶሞካ ቆመን ጠጣን። ቀጥለን ቁርጥ ቤት ገባን፤ እንግዶቹ ጥሬ ሥጋውን በአዋዜና በሚጥሚጣ እየነከሩ ተሣሣቁ፣ ፎቶግራፍም ተነሡ። ከዚያ በያይነቱ ቀረበ፤ ስለ ረቡዕና ስለ ዓርብ ጾም አጭር ትምህርት ተሰጠን። ከዚያም ወንበሩ በቆዳ የተለበጠ፣ ግድግዳው በአገልግል የተሸለመ ጠጅ ቤት ገብተን በብርሌ ጠጅ ቀመስን፤ ምላሴ ካላታለለኝ ከማሩ ስኳሩ ይበልጥ ነበር። በመጨረሻም ድራፍት ቤት ተቀመጥንና ብርጭቆዎቹ ተደረደሩ። አስጎብኚው ድምፁን ከፍ አድርጎ «እንግዲህ የኢትዮጵያ ቢራ ባህል ይህ ነው» አለ።

ከጠጅ ቤቱ ወደ ድራፍት ቤቱ ስንሄድ በአንድ ገና ባልፈረሰ መንደር ውስጥ ዐልፈን ነበር። እዚያ ከአንድ ደጃፍ ላይ በተተከለ እንጨት ጫፍ አንድ ጣሳ ተደፍቶ ቆሟል። ባልደረባዬ በጣቱ እያሳየ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ። ወጣቱ እርምጃውን ሳያቋርጥ «የጠላ ቤት ምልክት ነው፤ በየቤቱ የሚጠመቅ መጠጥ ነው፤ ለእንግዳ አይሆንም» ብሎ አለፈ። ባልደረባዬ ወደ እኔ ዞሮ «አያቴ ቡሳ ትጠምቅ ነበር። የእናንተ ቡሳ ይህ ከሆነ ለምን ዐለፍነው?» አለኝ። ለጥያቄው መልስ አጣሁ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ያ ማጣት ነው።

እስቲ «የኢትዮጵያ ቢራ ባህል» የተባለውን ብርጭቆ እንመርምረው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ እ.ኤ.አ. በ1922 የተመሠረተ አንጋፋ ፋብሪካ ነው፤ የከተማው ትዝታም በእርሱ ብርጭቆ ውስጥ መኖሩን አልክድም። ነገር ግን ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1998 ለፈረንሳዩ የካስቴል ኩባንያ ተሽጧል። በደሌና ሐረር እ.ኤ.አ. በ2011 በሆላንዱ ሃይነከን እጅ ገቡ። ዋልያ የሚባለው ቢራም እ.ኤ.አ. በ2014 ከዚሁ ኩባንያ የወጣ ነው። ሜታ እ.ኤ.አ. በ2012 ለእንግሊዙ ዲያጆ ተሸጦ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ወደ ካስቴል ተዛወረ። በውጭ ገንዘብ መጠመቁ ነውር ነው አልልም፤ ብዙ ሠራተኛ እንጀራውን ይበላበታል፣ ገብስ የሚያመርተው ገበሬም ገበያ አግኝቶበታል። ነገሩ የሚያስቀው ሌላ ዘንድ ነው። ከእኛ ጋር የነበሩት ሁለት ሆላንዳውያን ያን ሁሉ አየር አቋርጠው መጥተው የአገራቸውን ኩባንያ ቢራ የኢትዮጵያ ባህል ነው ተብለው ጠጡ። ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ፣ በየትም አገር የማያገኙት መጠጥ ከጋኑ ውስጥ ሆኖ ይፍለቀለቅ ነበር።

ጠላ ምን ያህል ዕውቀት የተከማቸበት ነገር እንደ ሆነ ከመካከላችን ስንቱ ያስታውሳል? ጋኑ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ በውሃ ይጠነሰሳል። ጥንስሱ ሲፈላ ብቅሉና ቂጣው ይገባበታል። አሻሮው ተፈጭቶ በምጣድ ላይ እንኩሮ ሆኖ ይጨመርበታል፤ ድፍድፉም ይከደንና ይቆያል። ከዚያ በኋላ ነው ውሃ የሚሞላውና የሚጠለለው፤ መጨረሻ ላይ የሚቀዳው ቀጭኑ ቅራሪ ይባላል። ይህ ሁሉ የሚከናወነው ያለ ቴርሞሜትርና ያለ ሚዛን ነው። ጌሾው በዝቶ እንዳይመር፣ ብቅሉ አንሶ እንዳይደክም የምትለካው ሴት መለኪያዋ እጇ፣ አፍንጫዋና ከእናቷ የተቀበለችው ልማድ ነው። ሠርጉ፣ ተዝካሩ፣ የጽዋ ማኅበሩ፣ የደቦ እርሻው ያለ እርሷ ጋን አይሆንም ነበር። ፋብሪካው ጠማቂውን ውጭ አገር ልኮ ያስተምራል፣ ስሙንም በማስታወቂያ ያወጣል። የጋኗ ባለሞያ ግን መጠሪያዋ «ጠላ ሻጭ» ነው፤ ይህንንም ቃል እንደ ስድብ የምናወጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

በማግሥቱ ከባልደረባዬ ጋር ተመልሰን ሄድንና ጣሳው ከተሰቀለበት ደጃፍ ቆምን።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ?» አልኋቸው።

«እግዜር ይመስገን፤ ግቡ ልጆቼ፣ ቤት ለእንግዳ ነው» አሉና አግዳሚውን በእጃቸው ጠረግ አደረጉልን። ጠላው ጥቁር፣ ጭስ ጭስ የሚል፣ ለአፍ ለስላሳ ነበር። ባልደረባዬ ሁለተኛውን ሲያስቀዳ የአያቱን ቤት አስታወሰኝ አለ። ጎብኚዎች ለምን እንደማይገቡ ስጠይቃቸው ሴትዮዋ አልተቀየሙም።

«ሽንት ቤት የለሽም ይሉኛል። እውነት ነው፤ ያለን የመንደሩ የጋራ ነው። ውሃም በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣልን፤ በበርሜል አጠራቅሜ ነው ጋኑን የማጥበው። ታዲያ ይኼ የእኔ ጥፋት ነው እንዴ ልጄ?»

ከዚያ በሳምንት ከጠላው የሚያገኙትን ጠየቅኋቸው። የነገሩኝ ገንዘብ እኔና ባልደረባዬ ለአንድ ከሰዓት ጉብኝት ከከፈልነው ያነሰ ነበር።

እዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ፤ ሦስቱም በቀላሉ የሚናቁ አይደሉም።

የመጀመሪያው የንጽሕና ነገር ነው። የእንግዳ ሆድ ቢታመም ማን ይጠየቃል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ውሃ በሌለበት ንጽሕናን መጠየቅ የውሃውን ጉድለት በጠማቂዋ ላይ ማላከክ ነው። ሲንጋፖር በመንገድ ዳር ምግብ ይሸጡ የነበሩትን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ውሃ፣ ፍሳሽና ፈቃድ ወዳለው የጋራ ገበያ አስገባቻቸው እንጂ አላጠፋቻቸውም። እ.ኤ.አ. በ2020 ያ የገበያ ባህል በዩኔስኮ መዝገብ ሠፈረ። ዛሬ ጎብኚ ወደ ሲንጋፖር የሚጓዝበት አንዱ ምክንያት እርሱ ነው። አንድ ቧንቧና አንድ ንጹሕ መጸዳጃ ለአንድ መንደር ጠላ ቤቶች ማስገባት አስፋልት ከማንጠፍ የረቀቀ ምሕንድስና አይጠይቅም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመልካም ልብ የሚወጣ ነው። «ድህነትን ለባዕድ ማሳየት ነውር ነው፤ ሰውን እንደ አራዊት ማስጎብኘት ነው» ይላሉ። ካሜራውን ደግኖ ገብቶ፣ አንድ ጣሳ ቀምሶ፣ ፊቱን አኮማትሮ የሚወጣ እንግዳን እኔም አልወድም። ነገር ግን ሰውየው ቁጭ ብሎ ቢጠጣ፣ ፎቶ ከማንሣቱ በፊት ቢያስፈቅድ፣ ስለ አጠማመቁ የሚያስረዱትም ባለሞያዋ ራሳቸው ሆነው ለማስረዳታቸው ከጠላው ዋጋ በላይ ቢከፈላቸው፣ ነውሩ የቱ ጋ ነው? ቁርጥ ቤቱ ባለጸጋ ስለሆነ እንግዳ ሲገባበት ክብር፣ ጠላ ቤቷ ድሃ ስለሆነች እንግዳ ሲገባባት ውርደት ከሆነ፣ ያፈርነው በድህነቱ ሳይሆን በድሃዋ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው የስካር ነገር ነው። ጠላ ቤት ያፈረሰው ትዳር፣ ያስራበው ልጅ አለ፤ ይህን መካድ ግብዝነት ይሆናል። ነገር ግን ይህ ክርክር የሚነሣው አራተኛውን ድራፍት ጠጥተን ከተነሣን በኋላ ከሆነ ሚዛኑ ጎድሏል። መጠጥን መቆጣጠር ካስፈለገ ቁጥጥሩ በፋብሪካውም በጋኑም ላይ ይሁን። የኬንያውያን ታሪክ በዚህ ረገድ ያስተምረናል። በቅኝ ግዛት ዘመን የናይሮቢ ማዘጋጃ ቤት የአገሬውን ቢራ ጠምቆ የመሸጥን መብት ለራሱ ብቻ ያዘ፤ በየቤታቸው የሚጠምቁ ሴቶችንም ያሳድድና ያስቀጣ ነበር። ምክንያቱ ሥነ ሥርዓትና ጤና ነው ይባል ነበር፤ ትርፉ ግን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሣጥን ይገባ ነበር። ባልደረባዬ ይህን ከአያቱ አፍ ሰምቷል። እኛ በቅኝ ሳንገዛ የሴቶቻችንን ጋን በገዛ ፈቃዳችን ማራቃችንን ሲያይ ቢገርመው አይፈረድበትም።

ነገሩን ዛሬ ማንሣቴ ጊዜው ስለሚያጥር ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አካባቢ ሲፈርስ ዶሮ ማነቂያም አብራ ሄዳለች። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል፤ የተሻለ ቤት ያገኘ ሰውም አለና ሁሉን በጅምላ አልኮንንም። ግን እትዬ ስለ እኅታቸው የነገሩኝን ልድገመው። እኅትዮዋ ከዶሮ ማነቂያ ተነሥተው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ገብተዋል። «ቤቱስ ጥሩ ነው፤ ፀሐይም ይገባዋል። ጋኑን ግን ለጎረቤት ሰጥታ ሄደች» አሉኝ። ጋን ደረጃ አይወጣም። የወይራው ጭስም በጋራ ኮሪደር ውስጥ ጎረቤት ያጣላል። በነዚህ ግቢዎች ለበግ ማረጃና ለእንጀራ መጋገሪያ የጋራ ቤት መሥራት የታሰበበት ጊዜ ነበር፤ ለጠማቂዎች የሚሆን አንድ የጋራ ጠላ መጥመቂያ ማሰብ ለምን አቃተን? ያችን ሴት የሚተካት ልጅ ጥንስሱን ሳያይ ካደገ፣ ነገ ውሃውም መጸዳጃውም ቢመጣ የሚጠምቅ አይገኝም።

ቤልጅጎች የቢራ ባህላቸውን እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ ሲያስመዘግቡ በየመንደሩ የሚጠምቀውን ትንሽ ጠማቂ አብረው ቆጥረውታል። እኛ ደግሞ ከነሱ አንዱ ሊጎበኘን ሲመጣ ጠማቂያችንን ከመጋረጃ ጀርባ እንደብቃታለን። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላል ያገራችን ሰው። እዚህ ግን አጥሩን የነቀነቅነው ራሳችን ነን።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። አስጎብኚዎች ሆይ፣ ከአምስቱ ማረፊያችሁ አንዱ ጣሳ የተሰቀለበት ደጃፍ ይሁን። እንግዶቻችሁን ሦስት አራት አድርጋችሁ አስገቡ፤ ለባለሞያዋም እንደ መምህር ክፈሉ። የከተማው ሹማምንት ሆይ፣ ቧንቧውን አስገቡና ከዚያ በኋላ ስለ ንጽሕና ጠይቁ። በናይሮቢ፣ በካምፓላ፣ በጅቡቲ የምንኖር ደግሞ ባዕድ ወዳጅ ይዘን አገር ስንገባ የምናሳፍረው ነገር እንዳይታይብን ብለን መንገድ አናዙር። እኔ በመጀመሪያው ቀን ዝም ብዬ ዐልፌአለሁና ከዚህ ወቀሳ ራሴን አላወጣም።

ባልደረባዬ ወደ ናይሮቢ ሲመለስ በሻንጣው ውስጥ አንድ ኪሎ የተቆላ ቡናና፣ እትዬ በጨርቅ ቋጥረው የሰጡት አንድ እፍኝ ደረቅ ጌሾ ነበረው። ቡናውን የገዛው ከመደብር ነው። ለጌሾው ግን ሊከፍል ኪሱን ሲዳስስ እትዬ እጁን ይዘው «ለእናትህ ስጣት፤ ታውቅበታለች» አሉት።