ነባር አውቶፓይለትና ዘመናዊ አሰሳ፦ መረጃ ሲቋረጥ
በሸራ ጀልባ ላይ ያለን የቆየ አውቶፓይለት ከዘመናዊ የአሰሳ መሣሪያ ጋር ማገናኘት ብዙ ጊዜ የሽቦ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይወሰዳል። ይህ አመለካከት ጎዶሎ ነው።

በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤን.ኤም.ኢ.ኤ 0183 መስፈርት በተለመደው ፍጥነቱ በሰከንድ 4,800 ቢት፣ ሊነበብ በሚችል ጽሑፍ ያስተላልፋል፤ ተከታዩ ኤን.ኤም.ኢ.ኤ 2000 በጋራ መስመር በሰከንድ 250,000 ቢት ይልካል። በመካከላቸው የሚገባው መቀየሪያ አስተርጓሚ ነው። የሳተላይት መረጃ ሲቋረጥ አስተርጓሚው የመጨረሻውን መልእክት እየደጋገመ ከላከ፣ ነባሩ አውቶፓይለት ባለፈበት መረጃ ጀልባዋን ከመንገዷ ያስወጣታል። ነባሩ መስፈርት ግን መረጃው የጸና ሲሆን «ኤ»፣ ሳይሆን ሲቀር «ቪ» የሚል ምልክት አለው፤ መቀየሪያው ይህን ምልክት በታማኝነት ማስተላለፍ አለበት። ጥራቱ የሚለካውም መረጃ ሲጎድል ነው።

ጉዳዩ ባሕር ለሌለው ኢሉባቦር ባዕድ አይደለም። በመቱ አቅራቢያ በሶር ወንዝ ላይ እንዳለው ባለ 5 ሜጋዋት የውኃ ኃይል ማመንጫ ያሉ ነባር ተቋማት አዲስ የቁጥጥር መሣሪያ ቢገጠምላቸው ጥያቄው ያው ነው። ስለዚህ በዘርፉ የሚሠሩ የመመረቂያ ጥናቶች መሣሪያዎቹ መገናኘታቸውን ብቻ ሳይሆን፣ ግንኙነቱ ሆን ተብሎ ሲቋረጥ የሚከተለውንም መዝግበው ሊያቀርቡ ይገባል።