ለምርመራው ክፈሉ እንጂ ለግምቱ አትክፈሉ

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማል። ባለ መኪና የሆናችሁ ግን ታገሡኝ፤ ጉዳዩ የኪሳችሁ ነው።

በአገራችን ጋራዥ አንድ ልማድ አለ። መካኒክ የሚከፈለው ሲፈታና ሲገጥም ብቻ ነው። ችግሩ የት እንዳለ ለማግኘት ግማሽ ቀን ቢደክም ማንም አምስት ሳንቲም አይሰጠውም። "ምን ሠራህና?" ይባላል። መካኒኩም ሰው ነውና ወደሚከፈልበት ይሄዳል፤ ይፈታል፣ ይቀይራል፣ ካልሆነ ደግሞ ሌላ ይቀይራል። እኔም በዚሁ ሙያ ስለምኖር ለራሴ ገበያ የማሟሙቅ ሊመስላችሁ ይችላል። ይምሰላችሁ። ይህ ልማድ ግን በተለይ በከፍተኛ የዘይት ግፊት በሚሠሩ ሞተሮች ላይ ሰው እያከሰረ ነው።

የትኞቹ ናቸው ካላችሁ፣ እንደ ካተርፒላር 3126፣ ሲ7 እና ሲ9፣ እንደ ኢንተርናሽናል ዲቲ 466፣ እንደ ፎርድ 7.3 እና 6.0 ሊትር ናፍጣ ያሉት ናቸው። ሎደርና ዶዘር ላይ የሠራ ሰው የካተርፒላሮቹን በደንብ ያውቃቸዋል። ሲኖትራክ የያዛችሁ አትደንግጡ፣ የእናንተ በሌላ ዘዴ ነው የሚሠራው።

በእነዚህ ሞተሮች ኖዝሉን የሚገፋው ያው የሞተር ዘይት ነው። ተራው የዘይት ፓምፕ ሞተሩን ያለሰልሳል፣ እግረ መንገዱንም ለሁለተኛው፣ ለከፍተኛ ግፊት ፓምፕ ዘይት ያቀብላል። ሁለተኛው አፍኖ ወደ ኖዝሎቹ ይልከዋል። ኖዝሉ ውስጥ ያለች ትንሽ ፒስተን ያንን ግፊት ስድስት ሰባት እጥፍ አድርጋ ናፍጣው ላይ ታሳርፈዋለች። መጠኑ እንደ ሞተሩ ይለያያል፤ በፎርዶቹ ለምሳሌ ሞተሩ እንዲነሳ የዘይቱ ግፊት ወደ 35 ባር መድረስ አለበት፣ ጭነት ላይ ደግሞ ከ200 ባር ያልፋል። ዝቅተኛው ልክ ካልሞላ ሞተሪኖው ቀኑን ሙሉ ቢያዞር ሞተሩ አይነሳም።

ሾፌሩ "የዘይት ጌጁ እኮ ደህና ነው" ይላል። እውነቱን ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ጌጅ የሚያሳየው ግን የታችኛውን፣ የማለስለሻውን ግፊት ነው። የላይኛው ሞቶ ተቀብሮ እንኳ ዳሽቦርዱ ምንም አይናገርም።

አንድ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ከደብረ ታቦር ድንች ጭኖ ወደ ጎንደር የሚመላለስ ዲቲ 466 ነበር። ጠዋት በዚያ የጉና ብርድ በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ወደ ወረታ ወርዶ፣ ርብን ተሻግሮ፣ ይፋግ ላይ ለምሳ ሞተር ያጠፋል። (ይፋግ ድሮም በሲራራ ንግድ ዘመን ገበያዋ የታወቀ የመንገደኛ ማረፊያ ነበረች።) ከምሳ በኋላ ቢሉት ቢሠሩት እምቢ። ሁለት ሦስት ሰዓት ቆሞ ሲበርድ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ጭነት ይዞ መንገድ ላይ መቆም በዚህ ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አልነግርም። ባለቤቱ እኔ ጋ ሲደርስ የናፍጣ ፓምፑን ቀይሯል፣ ሞተሪኖ አሠርቷል፣ ስድስቱንም ኖዝል ቀይሯል። ስድስት ኖዝል! ዋጋውን የሚያውቅ ያውቀዋል። መኪናው ግን ያው ነው።

ምልክቱ ራሱ እየጮኸ ነበር እኮ። ዘይት ሲበርድ ይወፍራል፣ ሲሞቅ ይቀጥናል። የቀጠነው በተበላ ኦሪንግ በኩል ሾልኮ ይወጣል፣ የወፈረው ይያዛል። በብርድ ተነስቶ በሙቀት እምቢ የሚል ሞተር መጀመሪያ የሚጠረጠረው በውስጥ ማፍሰስ ነው። የሚፈሰው ተመልሶ ወደ ዘይት መያዣው ስለሆነ መሬት ላይ አንዲት ጠብታ አታዩም። ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም በብርድ እያንቀጠቀጠ ሲሞቅ የሚስተካከል ከሆነ፣ ያን ጊዜ ያረጀ ዘይትና የሚጣበቅ ኖዝል ይታሰባል። እዚህ ዘይቱ ማለስለሻ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛም ነው፤ መቀየሪያ ጊዜውን የምታሳልፉ ልብ በሉ።

በመጀመሪያ የዘይቱን ልክና ባትሪውን አየን፤ ሞተሪኖው በደንብ ካላዞረ ፓምፑም ግፊት አይሠራም። ሞተሩ እንደሞቀ ስካነር ሰክተን እያዞርን ግፊቱን አነበብን። ከሚያስፈልገው በታች ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ የመቆጣጠሪያውን ቫልቭ "ዝጋ፣ ጨምር" እያለ ነው፣ ግን የሚመጣ የለም። ሴንሰሩ እየዋሸ እንደሆነ ለማወቅ ሶኬቱን ነቀልን። ጥፋቱ የሴንሰሩ ብቻ ቢሆን ኮምፒውተሩ በራሱ ግምት ሊያስነሳው ይችል ነበር፤ አልተነሳም። ቀጥሎ ከፓምፑ ወደ ላይ የሚሄደውን ቱቦ ፈትተን ጫፉን በጌጅ ዘጋንና አዞርን። ግፊቱ ወዲያው ወጣ። ፓምፑ ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ ጥፋቱ ከእሱ በላይ ነው። የቴስታታውን ክዳን ከፍተን፣ በኮምፕሬሰር አየር ሰጥተን ጆሮ ሰጠን። ዘይቱን ለኖዝሎቹ የሚያከፋፍለው ቧንቧ ጫፍ ላይ "ሽሽሽ" ይላል። አንዲት ኦሪንግ ናት። ዋጋዋ ይፋግ ላይ ለምሳ ከከፈለው አይበልጥም።

ሂሳብ ስነግረው ምን ቢል ጥሩ ነው? "ለአንድ ኦሪንግ ይሄን ያህል?" ለስድስት ኖዝል ያለ ምንም ክርክር የከፈለ ሰው! አልፈርድበትም፤ ኖዝል በእጅ ይዳሰሳል፣ ምርመራ አይዳሰስም። ግን የከፈለኝ ለኦሪንጓ አይደለም። ኖዝሉም፣ ፓምፑም፣ ሴንሰሩም ደህና መሆናቸውን ስላሳየሁት ነው።

አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ "መለኪያ ከየት እናምጣ" ይላሉ። ለኤክስካቫተር ሃይድሮሊክ የምንጠቀምበት ባለ 400 ባር ጌጅ ለዚህ ይበቃል፣ የሚገጥም መጋጠሚያ ማሠራት ብቻ ነው። ስካነሩን ሦስት አራት ጋራዥ ተጋግዞ መግዛት ይቻላል። በኤንትሬ ጊዜ በጆሮና በእጅ ይሠራ ነበር፤ ትክክል ነው፣ ያ ፖምፓ በእጅ ይታወቅ ነበር። ይሄኛው አይታወቅም። ደግሞም እባካችሁ ሞተሩ እየዞረ የሚሾልክ ዘይት በጣት አትፈልጉ፤ በዚህ ግፊት ያለ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ጣት ያስቆርጣል።

ባለ መኪኖች፣ "ኖዝል ይቀየር" ሲሏችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ባር አነበብክ? ሲሞቅ ነው ወይስ ሲበርድ የለካኸው? ቁጥሩን በወረቀት ካልጻፈላችሁ ብር አታውጡ። ከጻፈላችሁ ደግሞ የምርመራውን ሂሳብ ከጥገናው ለይታችሁ ክፈሉት፤ መኪናውን ሌላ ጋራዥ ብትወስዱት እንኳ ክፈሉት። የጻፈው ቁጥር ስህተት ሆኖ ከተገኘ የምርመራውን ገንዘብ ይመልስ። እኔ ከዚህ ወር ጀምሮ በዚህ ውል ነው የምሠራው። አያዋጣም የምትሉ ባለ ጋራዦች ካላችሁ ምክንያታችሁን ጻፉልኝ፣ እንከራከር።