የትናንት ጽሑፍና የዛሬ እጩ

«ሰው በሃያ ዓመቱ በሠራውና በጻፈው ሊጠየቅ አይገባም» የሚል ክርክር በመካከላችን ደጋግሞ ይነሣል። ክርክሩ ለእኛ ለተማሪዎች ይመቸናል። ዳሩ ግን የሚመች ሁሉ እውነት አይደለምና በአንድ የአሜሪካ ሰው ታሪክ እንመርምረው። ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ዴቪድ ዱክ በ1970 በሉዊዚያና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የናዚ ልብስ ለብሶ አደባባይ ወጣ። ጥቂት ቈይቶም የኩ ክሉክስ ክላን የአንዱ ክፍል መሪ ሆነ። በ1989 በ227 ድምፅ ብልጫ የሉዊዚያና ምክር ቤት እንደራሴ ሆነ፤ በ1991 ለአገረ ገዥነት ተወዳደረ። ያን ጊዜ ያለፈው ሁሉ የወጣትነት ስሕተት እንደ ነበረና አሁን አዲስ ክርስቲያን እንደ ሆነ ይናገር ነበር። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይህኛው ግን በሚያውቁት አገር ተነጠፈለት። ከነጮቹ መራጮች ከግማሽ የሚበልጡት ድምፃቸውን ሰጡት።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን እጩ በምን እንመዝነው? ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ።

አንደኛ፤ የጻፈውን በስሙ ፈርሞበታልን? ዱክ በሰባዎቹ ዓመታት አንድ መጽሐፍ የጥቁር ሰው ስም፣ ሌላውን ደግሞ የሴት ስም ለጥፎ አሳትሟል።

ሁለተኛ፤ እስከ መቼ? በ1989፣ አርባ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ፣ ከእንደራሴነት ቢሮው የሂትለር መጽሐፍ ይሸጥ ነበር። ይህ የወጣትነት ስሕተት አይባልም።

ሦስተኛ፤ ተውሁት ካለ ምን አደረገበት? የዌስት ቨርጂኒያው ሴናተር ሮበርት ቢርድም በወጣትነቱ የክላን አባል ነበር፤ በ1964 የሲቪል መብት ሕግን ለማሰናከል ከ14 ሰዓት በላይ ተናግሯል። ኋላ ግን ጥፋቱን በስሙ ጠርቶ ደጋግሞ ተጸጸተ። በ2010 ሲሞት የጥቁሮች መብት ተሟጋች የሆነው ትልቁ ማኅበር ሐዘኑን ገለጸ። ዱክ ግን በ1980 ከክላኑ ሲወጣ ያቋቋመው ያንኑ ዓላማ የያዘ ሌላ ማኅበር ነው።

የዱክ ተፎካካሪ ኤድዊን ኤድዋርድስ በጉቦ የሚታማ ሰው ነበር፤ በ2000ም ተፈርዶበታል። ሆኖም ከመቶ 61 የሚሆነው መራጭ ዱክን ከመሾም እርሱን መረጠ። ፍርዱም ትክክል ነበር። በ2002 ዱክ የገዛ ደጋፊዎቹን ገንዘብ በማታለል እንደ ወሰደ በፍርድ ቤት አምኗል። ጽሑፉን ያላነበቡለት ሰዎች ዋጋውን ከኪሳቸው ከፈሉ።

ወንድሞችና እኅቶች! ማንም በሃያ ዓመቱ ቃል ለዘለዓለም ይታሰር አንልም። መለወጥ የሰው ክብር ነው። ነገር ግን ተለወጥሁ የሚል ሰው ከምን እንደ ተለወጠ በገዛ አፉ ይንገረን። እኛም በዚህች ገጽ ስንጽፍ ስማችንን እንጻፍ፤ ስንሳሳትም እዚሁ እናርም። ያን ጊዜ ነገ የሚጠቀስብን ጽሑፍ አያስፈራንም።