ሁለተኛው ምደባ

የዶርም ምደባ አዲስ ገቢ ተማሪ በየትኛው ብሎክ፣ በየትኛው ክፍልና ከእነማን ጋር እንደሚያድር የሚወሰንበት ሥራ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ምደባ የሚመጣው ከሌላ ምደባ በኋላ ነው። በመጀመሪያ ትምህርት ሚኒስቴር የ12ኛ ክፍል ውጤትንና የተማሪውን ምርጫ አይቶ ዩኒቨርሲቲ ይመድባል። ተማሪው የምዝገባ ቁጥሩን በስልኩ አስገብቶ የደረሰውን ሲያይ ቤተሰቡ በሙሉ ከበላዩ ቆሞ ይጠብቃል፤ ጎረቤትም ይሰማል። ሁለተኛው ምደባ ግን በዝምታ ያልፋል። ብዙው ተማሪ የክፍል ቁጥሩን የሚያውቀው ሻንጣውን እየጎተተ ግቢ ከገባ በኋላ፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወይም የዶርሙ ተቆጣጣሪ ፕሮክተር ከያዘው ወረቀት ላይ ስሙን ፈልጎ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ኑሮ በይበልጥ የሚወስነው ደግሞ ይኸው ሁለተኛው ነው።

በአዲስ አበባ ሲ.ኤም.ሲ. አካባቢ ላደገ ልጅ ለውጡ ትልቅ ነው። በ1987 ዓ.ም. በኮሌጅነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ እዚያው መንገዱ ዳር፣ በስሙ ከተጠራው የቀላል ባቡር ፌርማታ አጠገብ ይገኛል፤ የመንግሥት ሠራተኞችን ከየክልሉ ተቀብሎ ያስተምራል። የሰፈሩ ልጅ ግን ከ12ኛ ክፍል በኋላ አቅጣጫው ተቃራኒ ይሆናል፤ እሱ ብዙውን ጊዜ ወደ ክልል ይወጣል። የዩኒቨርሲቲው ጥሪ ማስታወቂያ የትምህርት ማስረጃ ዋናውንና ኮፒውን፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ እንዲይዝ ያዘዋል። ደብረ ብርሃን የደረሰው ልጅ እናቱ ጋቢ ትጨምርለታለች፤ ሰመራ የደረሰው ስስ አንሶላ ይበቃዋል። አየሩ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ከጎኑ የሚተኛው ልጅ ከየት እንደሚመጣ፣ በምን ቋንቋ አፉን እንደፈታ ግን ማስታወቂያው አይናገርም። በቤቱ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ ሳይሰማ ላደገ የከተማ ልጅ፣ ወይም አማርኛን በትምህርት ቤት ብቻ ለተማረ የገጠር ልጅ፣ ከጋቢው ይልቅ ዝግጅት የሚፈልገው ይህኛው ነበር።

ክፍል የሚደለደልበት መንገድ ከግቢ ግቢ ይለያያል። በጣም ቀላሉና የተለመደው ስምን በፊደል ተራ ደርድሮ ክፍሎቹን በቅደም ተከተል መሙላት ነው። የሬጅስትራር መዝገብ በላቲን ፊደል ሲያዝ ተራው ከ«ኤ» ይጀምራል። ክፍሉ ስድስት አልጋ ካለው ስድስት ስም ይቆረጣል፤ ሰባተኛው ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል። አሠራሩ ለማንም አያደላም ተብሎ ይታመናል። ሰውየውን ሳይሆን ስሙን ነው የሚያየው፤ ፊደል ደግሞ ወገን የለውም ይባላል።

ይህ እምነት በኢትዮጵያ ስሞች ፊት አይቆምም። እዚህ አገር ሰው የሚመዘገበው በራሱ ስም ነው፤ የራስ ስም ደግሞ ቋንቋን፣ ሃይማኖትንና የትውልድ አካባቢን ይዞ ይመጣል። ገመቺስ፣ ገመቹና ገመዳ በመዝገቡ ላይ ተከታትለው ይሰፍራሉ። ከእነሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ገብረ እግዚአብሔር፣ ገብረ መድኅንና ገብረ ሥላሴ ተደርድረዋል። መሐመድ የሚባሉ ልጆች በርከት ባሉበት ዓመት አንድ ሙሉ ክፍል በመሐመድ ብቻ ሊሞላ ይችላል። ማንም ሳያስበው፣ ማንም ተንኮል ሳይሠራ፣ መዝገቡ ራሱ ልጆቹን በየወገናቸው ይቧድናቸዋል። የፊደል ተራ ዕጣ አይደለም። እውነተኛ ዕጣ ስሞቹን በውዞ ያወጣል፤ ስም የሚደረድረው ኮምፒውተርም ስም መበወዝ ይችላል፤ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም።

አብሮ ማደር ሰውን እንደሚለውጥ የአገሪቱ የራሷ ታሪክ ይመሰክራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች በንጉሠ ነገሥቱ ነፃ የትምህርት ዕድል የመጡ ተማሪዎች ከኢትዮጵያውያኑ ጋር አብረው ይኖሩ ነበር። የተማሪዎችን እንቅስቃሴ የጻፉ ታሪክ ተመራማሪዎች እነዚህ እንግዶች በኢትዮጵያውያኑ የፖለቲካ ንቃት ላይ ያሳደሩትን ተጽዕኖ ደጋግመው ያነሳሉ። በአሜሪካ ደግሞ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪው ብሩስ ሳሰርዶት በዳርትመዝ ኮሌጅ በዕጣ አብረው የተመደቡ ተማሪዎችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የዶርም ጓደኛ በትምህርት ውጤት ላይ ሳይቀር ተጽዕኖ እንዳለው አሳይቷል። ዱክ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ ገቢዎች የዶርም ጓደኛቸውን አስቀድመው መምረጣቸው እንዲቀር ወስኗል፤ ተማሪው እሱን የሚመስለውን ብቻ እየመረጠ አስቸግሯልና።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ከውጤትም ያልፋል። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ በተማሪዎች መካከል በተነሳ ግጭት ሁለት ተማሪዎች ከተገደሉ በኋላ ግጭቱ ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛመተ፤ ብዙ ተማሪዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የክፍል ድልድል እንዲህ ያለውን እሳት ብቻውን አያጠፋም። ነገር ግን በውድቅት ሌሊት ወሬ ሲናፈስ፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ ከላይና ከታች የሚተኙ ሁለት ልጆች ዳቦ ተካፍለው፣ በአንድ ሳሙና አጥበው ከከረሙ፣ አንዱ ሌላውን በስሙ ያውቀዋል። ያ ትውውቅ ያለው ክፍልና የሌለው ክፍል በዚያች ሌሊት አንድ አይሆኑም።

ከዕጣ በፊት የሚቀድሙ አሉ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ተማሪ ምድር ቤት ማግኘት አለበት፤ ለዓይነ ስውር ተማሪ ደግሞ ወደ መመገቢያና ወደ መማሪያ ክፍል የሚወስደው መንገድ ማጠር አለበት። ይህ መብት ስለሆነ ዕጣ ውስጥ አይገባም።

ከዕጣ በኋላ ደግሞ መቀያየር ይመጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ፕሮክተሩን እየለመኑ ወደ አገራቸው ልጅ ክፍል የሚዛወሩ ጥቂቶች አይደሉም። ናፍቆት ነውና አይፈረድባቸውም፤ ሆኖም በዝውውሩ የተበወዘው ሁሉ ተመልሶ በየወገኑ ይገጥማል። የጤናና የደኅንነት ጉዳይ ካልሆነ በቀር ዝውውር እስከ መጀመሪያው ሴሚስተር መጨረሻ ቢቆይ፣ ሲፈቀድም ምክንያቱ በጽሑፍ ቢሰፍር ተገቢ ነው።

ለመኝታው የሚከፍለውም ራሱ ተማሪው ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው ለምግብና ለመኝታ የወጣለትን ወጪ ከምረቃ በኋላ ሊከፍል ይፈርማል። ስለዚህ በምን ሥርዓት እንደተመደበ የማወቅ መብት አለው። ዩኒቨርሲቲዎች የድልድል ደንባቸውን በግልጽ ያውጡ፤ የብሎክና የክፍል ቁጥሩን፣ አብረው የሚያድሩትንም ልጆች ስም ከጥሪው ጋር ለተማሪው ይላኩለት። የአልጋውም ቁጥር ይጨመርበት፤ ያለዚያ የታችኛውን አልጋና ደህናውን ሎከር ቀድሞ የደረሰው ይይዘዋል፤ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዞ በምሽት ለሚደርሰው ልጅ የሚተርፈው በሩ አጠገብ ያለው፣ መቆለፊያው የተሰበረው ነው።