የቤተሰብ ዓምድ፦ አሮጌው የሩጫ ሰዓት ወይስ አዲሱ?

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ የአንድ አሥር አለቃ ባለቤት የጻፉልን ነው። ባለቤታቸው በክፍላቸው የ10,000 ሜትር ሯጭ ናቸው። ለእኅታችን ዕቁብ ወጥቶላቸዋል፤ ከዚሁ ገንዘብ ላይ ለባለቤታቸው ሳያሳውቁ የሩጫ ሰዓት ሊገዙላቸው አስበዋል። የቀረበላቸውም ሁለት ሰዓት ነው። አንደኛው ጎረቤት የሚሸጠው ያገለገለ ጋርሚን ፎርራነር 235 ሲሆን፣ ሁለተኛው ዘመድ ከውጭ አገር ሊያመጣላቸው ቃል የገባው ፎርራነር 265 ነው። አዲሱን ከገዙ ለኩሽናው ጣሪያ የታሰበው ቆርቆሮ ይቀራል። «ርካሹን ገዝቼ በጓደኞቹ ፊት ባሳፍረውስ?» ሲሉ ይጠይቁናል። ባለቤታቸው ይህን ዓምድ ስለሚያነቡ ስምም ሆነ የካምፕ ስም አላነሣንም።

እኅታችን ሆይ፣ አሮጌው እ.ኤ.አ. በ2015፣ አዲሱ በ2023 ለገበያ የቀረቡ ናቸው። ሁለቱም ርቀትን በሳተላይት፣ የልብ ምትን ደግሞ ከሥራቸው በሚበራ አረንጓዴ ብርሃን ይለካሉ። የአዲሱ ትልቁ ብልጫ ከሳተላይቶቹ የሚመጣውን ምልክት በሁለት ዓይነት የሬዲዮ ሞገድ መቀበሉ ነው። ይህም ምልክቱ ከግድግዳ ወይም ከገደል እየተንጸባረቀ በሚሳሳትበት ስፍራ፣ ማለትም በረጃጅም ሕንፃዎች መካከልና በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ፣ በእጅጉ ይጠቅማል። ገላጣ በሆነ የካምፕ ሜዳ ላይ ግን ልዩነቱ ጥቂት ነው። በ400 ሜትር መም ላይማ 25 ዙር መቁጠር ከሁለቱም ይበልጣል።

ባትሪን በተመለከተ አሮጌው አዲስ በነበረበት ጊዜ ሳተላይት እየተከታተለ እስከ 11 ሰዓት፣ አዲሱ እስከ 20 ሰዓት እንደሚሠሩ ተነግሮላቸዋል። ለአንድ ሰዓት የማለዳ ልምምድ ሁለቱም ይተርፋሉ። የልብ ምቱ ንባብ በብርድ ወይም ማሰሪያው ሲላላ በሁለቱም ላይ ሊዛባ ይችላል፤ መፍትሔው በደረት ላይ የሚታሰር መለኪያ ሲሆን ሁለቱም ይቀበሉታል። አዲሱ በተጨማሪ ስለ እንቅልፍና ስለ ሰውነት ዝግጁነት በየማለዳው ዘገባ ያቀርባል። ሌሊቱን በጥበቃ ላይ ያደረ ወታደር እንዳልተኛ ለማወቅ ግን ሰዓት የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

የአሮጌው እውነተኛ ችግር ዕድሜው ነው። በውስጡ ያለው ባትሪ ቢሠራም ባይሠራም ያረጃል፤ ባለቤቱም በቀላሉ አውጥቶ የሚለውጠው አይደለም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሰዓቱ ሙሉ በሙሉ ቻርጅ ተደርጎ አንድ ታማኝ ሯጭ ሳተላይቱን ከፍቶ አንድ ሰዓት ይሩጥበት። ጤነኛ ባትሪ ከመቶ ዐሥር ያህል ቢቀንስ ነው፤ ሃያና ከዚያ በላይ ከቀነሰ ግማሹ ኃይሉ አልቋል ማለት ስለሆነ ይተዉት። አምስቱም ቁልፎች በላብ ጨው ተይዘው እንደሆነ አንድ በአንድ ተጭነው ይዩ። ሻጩም የራሱን መረጃ ከሰዓቱ ላይ አጥፍቶ ያስረክብዎ።

በደብዳቤዎ ያላነሡት፣ ነገር ግን ለወታደር ቤተሰብ ከዋጋውም የሚብስ ጉዳይ አለ። ስትራቫ የተባለው የስፖርተኞች መረብ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ተጠቃሚዎቹ የሮጡባቸውን መንገዶች በዓለም ካርታ ላይ በብርሃን አሳይቶ ነበር። በጥር 2018 አንድ አውስትራሊያዊ ተማሪ ካርታውን ሲመለከት፣ በአፍጋኒስታንና በሶርያ ጨለማ ምድረ በዳ መካከል የጦር ሰፈሮች ቅርጽ ደምቆ አገኘው። ምሥጢር የሸጠ ሰው አልነበረም፤ ወታደሮቹ በአጥራቸው ዙሪያ ስፖርት ሠርተው ውጤታቸውን ልከው ነበር እንጂ። በነሐሴ 2018 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ወታደሮቹ በግዳጅ ቀጣና ሥፍራ የሚያሳውቁ መሣሪያዎችን እንዳይጠቀሙ ከለከለ።

ልብ ይበሉ፣ ሰዓቱ ከሳተላይት ይቀበላል እንጂ ለሳተላይት አይናገርም። አደጋው የሚመጣው ከስልክ ጋር ተገናኝቶ ሩጫው ወደ ኢንተርኔት ሲላክ ነው። በዚህ ረገድ ርካሹም ውዱም አንድ ናቸው። ስለሆነም የስጦታው ደስታ ሳይበርድ ባለቤትዎ አለቃቸውን አስፈቅደው ይያዙት፤ ቢፈቀድም ከስልክ ጋር አያገናኙት፤ ለግዳጅ ሲወጡ ቤት ይቅር። እርስዎም የሩጫውን ካርታ በስልክዎ ለዘመድ አይላኩ።

እኔ ብሆን ባትሪው ፈተናውን ካለፈ አሮጌውን እገዛለሁ። ባለቤትዎ ይህንኑ ሰዓት ከጎረቤት ተውሰው ሲሮጡበት «እጄ ላይ ተስማማኝ» እንዳሉ ራስዎ ጽፈዋል፤ ታዲያ ማን ፊት ሊያፍሩ ነው? ባትሪው ከወደቀ ደግሞ ወደ አዲሱ አይሩጡ። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የሚታወቀው ካሲዮ ኤፍ 91 ደብልዩ ሳተላይት የለውም፤ ባትሪው ሰባት ዓመት ገደማ ይቆያል፤ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ በመቶኛ ሴኮንድ ይቆጥራል። ለ10,000 ሜትር ሯጭ ይህ ይበቃል፤ ለግዳጅ ሲወጡም ከእጃቸው ማውለቅ አይኖርባቸውም።

ቆርቆሮውን ክረምት ሳይገባ ያስመቱት። አሮጌውን ከወሰዱ ደግሞ ቻርጀሩን አብረው ይቀበሉ፤ የስልክ ቻርጀር አይሆነውም።