ገራም ፈረስ በጋሪ ዋጋ?

ዛሬ ቡናና ሰሊጡን ትንሽ እናቆየው። ከአዊ የሚከታተለን አንድ ገበሬ በውስጥ መስመር ጠይቆናል፤ ዥጉርጉር ፈረስ አለው፣ ለኮርቻ የተገራ፣ ልጅ የሚጋልበው ገራም። ደላሎች የሚሰጡት ግን የጋሪ ፈረስ ዋጋ ነው። ልሽጥ ወይ ነው ጥያቄው።

በእኔ እይታ አይሽጥ፤ ቢያንስ በዚህ ዋጋና በዚያ ገበያ።

ደላላው ለምን ዝቅ እንደሚያደርግ ግልጽ ነው። በሬ ጉልበቱ ቢደክም ሥጋው ይሸጣል፤ ዋጋው የሚያርፍበት ወለል አለው። እኛ አገር ፈረስ አይበላም፣ ወለሉ ጋሪ ነው። ባለጋሪ ደግሞ የሚከፍለው ለጉልበት ነው። ፈረሱን ለመግራት የጠፋው ጊዜ እዚያ ዜሮ ነው በቃ። የታጠበ ቡናን በጀንፈል ዋጋ እንደ መስጠት ማለት ነው።

ዥጉርጉርነቱስ? ቀለም ገዢ ይጠራል፣ እውነት ነው። ግን ቀለሙን አይቶ የመጣ ሰው ብር የሚጨምረው ባሕሪውን ሲያምን ነው። ቁመት በዓይን ይለካል፤ ዕድሜም በጥርስ ይታወቃል፣ 5 ዓመት ገደማ የፊት ጥርሱ ተቀይሮ ያልቃል። ገራምነት ግን ገበያ መሐል ቆሞ አይታይም። ጠዋት ጋልበው ያደከሙትን ፈረስ "ገራም ነው" ብለው የሚሸጡ እንዳሉ ገዢ ሁሉ ያውቃል እኮ! ስለዚህ ለሐቀኛው ሻጭም ቀንሶ ይጠራል።

ቡና ላይ ይሄን የምንፈታው በቅምሻ ነው። ፈረሱም ይቀመስ። ገዢው ቤት ድረስ ይምጣ፤ ፈረሱ አርፎ ካደረ በኋላ ራሱ ኮርቻ ይጫን፣ ራሱ ይጋልብ፣ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ይውሰደው። ካልተስማማው በሳምንት ውስጥ እንዲመልስ በምስክር ፊት ይጻፍ። ይሄን የማይደፍር ሻጭ ስለ ገራምነት ባያወራ ይሻላል።

ጊዜም አለው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል። ለኮርቻ ፈረስ የሚከፍል ሰው መፈለግ ያለበት እዚያ ነው። ለበዓሉ ሁለት ቀን ሲቀር ግን አይሆንም፤ ገዢ ፈረሱን የሚላመድበት ጊዜ ይፈልጋል። ወሬውን ከኅዳር ጀምሮ ይልቀቀው።

መኖ እየገዛ የሚያቆየው ከሆነ ግን የወር ወጪውን አስልቶ ከሚጠብቀው ጭማሪ ጋር ያስተያየው። ወጪው ከበለጠ ዛሬውኑ ይሽጥ፤ ኮርቻና ልጓሙን ግን ለብቻ ይደራደርባቸው።